ዜሮው እውነት ዜሮ ይሁን፦ የጀልባ ሞተር ማርሽ ከጥገና በኋላ በራስ እጅ ማስተካከል

መስከረም ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጎንደር ቤቴ የቆመውን የጀልባ ሞተር ለወቅቱ ላዘጋጅ ብዬ የውሃ ፓምፑን ጎማ በራሴ ቀየርኩ። «ቀላል ሥራ ነው» ብለውኝ ነበር፤ ደግሞም ቀላል ነው። እግሩን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚገባውንና ፕሮፔለሩን የያዘውን የታችኛውን ክፍል፣ አወረድኩ፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። በማግስቱ ጎርጎራ ወርጄ ጀልባዋ ላይ ሰቀልኩት። እጀታው ዜሮ ማርሽ ላይ ነው። ገመዱን ሳብኩ። ሞተሩ ገና ከመነሳቱ ጀልባዋ ማንም ሳያዛት ወደ ፊት ተፈተለከችና ደንገሉ ውስጥ ሄዳ ተሰካች።

ዳር ላይ መረብ ይጠግኑ የነበሩ አዛውንት ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«አባባ፣ ዜሮ ላይ እኮ ነው ያደረግኩት!» አልኳቸው።

«እጀታው ዜሮ ነው ልጄ። ታችኛውስ ሰምቷል?» አሉኝ።

ጥፋቴ ያለው እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነበር። እግሩን ስትፈቱ እጀታውን ከታችኛው ማርሽ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግም ትፈታላችሁ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ርዝመቱ በሁለት ሚሊ ሜትር ከተዛባ ላይና ታች አይግባቡም። ላይ ዜሮ ይላል፣ ታች ግን ፊት ማርሽ ነክሷል። እንደኔ ደንገል ውስጥ ከገባችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ፕሮፔለሩ አጠገብ ሰው እየዋኘ ቢሆንስ?

ይህን የምጽፈው እንደኔ ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ያለውን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሞተር ጭኖ ለሚመላለስ ሰው ነው። አዘዞን፣ ቆላ ድባን፣ ጩአሂትን አልፎ ሐይቁ ዳር ከደረሱ በኋላ «ማርሹ አልገባም» ብሎ መመለስ ያንገበግባል። ሥራው መካኒክነት አይጠይቅም። ትዕግሥት፣ ማስመሪያና ነጭ ቀለም ይበቃሉ።

እግሩ ውስጥ ያለው ነገር

ባጃጅ የነዳ ሰው ማርሽ ሲባል ፍሪሲዮን ትዝ ይለዋል። የጀልባ ሞተር ፍሪሲዮን የለውም። ማርሹ በቀጥታ ብረት ከብረት ጋር ነው የሚነክሰው። ይህን ካወቅን ቀሪው ሁሉ ግልጽ ይሆናል።

ከሞተሩ ወደ ታች የሚወርድ ወፍራም ዘንግ አለ። ጫፉ ላይ ትንሽ ጊር ተሰክታለች። እሷ ደግሞ ሁለት ጊሮችን ታዞራለች፤ አንዱ ከፊቷ፣ ሌላው ከኋላዋ ነው። ሁለቱ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይዞራሉ፤ አቅጣጫቸው ግን ተቃራኒ ነው። ሁለቱም የፕሮፔለሩን ዘንግ አይዙትም፤ ላዩ ላይ ልቅ ሆነው ይሽከረከራሉ።

ዘንጉን የሚይዘው በመካከላቸው ያለ ቀለበት ነው። በሁለቱም ጎኖቹ ጉጥ ጉጥ ያለ ጥርስ አለው። ወደ ፊተኛው ጊር ከተንሸራተተ ጀልባዋ ወደ ፊት፣ ወደ ኋለኛው ከተንሸራተተ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ሁለቱንም ሳይነካ መሐል ላይ ከቆመ ዜሮ ማርሽ ነው። ቀለበቱን የሚያንሸራትተው ደግሞ ከእጀታው የሚወርደው ቀጭኑ የማርሽ ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ከላይ ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ወይም በአንዳንድ ሞዴሎች ሲሽከረከር ቀለበቱ ይከተለዋል።

የቀለበቱ ጉዞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የማርሽ ዘንጉ በአንድ ሚሊ ሜትር ረዘመ ወይም አጠረ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ቀለበቱ በግማሽ ከነከሰ የጥርሱ ጠርዝ ብቻ ሸክሙን ይሸከማል። ጠርዙ ይበላል፣ ይከበባል። ከዚያ ነዳጅ ስትሰጡ ማርሹን ይተፋል፤ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። አንዴ ከተከበበ ምንም ብታስተካክሉ አይመለስም፤ ቀለበቱን ከነጊሩ መቀየር ነው። በአንድ ዳዶ የሚታረም ስህተት ወደ ውድ ዕቃ ግዢ የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት

ምርጡ ማስተካከያ የነበረውን አለማዛባት ነው። እኔ የተሳሳትኩት ስገጥም ሳይሆን ስፈታ ነበር፤ ምንም ምልክት አላደረግኩም።

መጀመሪያ የካንዴላ ገመዶቹን ነቅላችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። የማጥፊያውን ቀይ ገመድም አውጡ። ይህ ለወግ አይደለም። ፕሮፔለሩን በእጅ ታዞራላችሁ፤ ፕሮፔለር ደግሞ ሞተሩን መልሶ ሊያዞር ይችላል። የሞቀ ሞተር በዚያች ዙር ቢነሳ ጣት ይወስዳል።

ከዚያ እጀታውን ዜሮ ላይ አድርጉና ፕሮፔለሩን በእጅ አዙሩ። ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በነፃነት ከዞረ የድሮው ማስተካከያ ደህና ነው። አሁን የማርሽ ዘንጉ መገናኛ የት እንዳለ ፈልጉ። በብዙዎቹ የያማሃ አነስተኛና መካከለኛ ሞተሮች ላይ የላይኛውና የታችኛው ዘንግ እግሩ ከመካከለኛው አካል ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ ከፊት በኩል፣ በአንድ ረዘም ያለ አገናኝ ዳዶ ይያያዛሉ። ከሥሩ ወይም ከላዩ መቆለፊያ ዳዶ አለ። በሁለቱም ዘንጎችና በዳዶው ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። በስልክ ፎቶ አንሱ። ስትፈቱ ደግሞ አገናኙ ስንት ዙር ዞሮ እንደወጣ ቁጠሩና ጻፉ። «አስታውሰዋለሁ» አትበሉ። አታስታውሱትም።

የጆንሰንና የኤቪንሩድ አሮጌ ሞተር ያላችሁ ዘዴው ሌላ ነው። በእነዚያ የብዙዎቹ ማስተካከያ የታችኛው ዘንግ ከእግሩ የላይ ወለል በምን ያህል ከፍታ እንደቆመ በመለካት ነው። ልኩ በየሞዴሉ ስለሚለያይ ከመመሪያ መጽሐፉ ውሰዱት። ኤቪንሩድ በ2020 እ.ኤ.አ. ሥራውን ስላቆመ መጽሐፉን ያገኘ ሰው አያጥፋው። ዘንጋቸው በመሽከርከር ማርሽ የሚቀይሩ ትላልቅ ሞተሮች ላይ ደግሞ የሚቆጠር ዳዶ የለም። ጥርሳም ጫፉ በየትኛው ቦታ እንደገባ ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ አንድ ጥርስ ከዘለለ ግን ማርሹ ሙሉ በሙሉ ይዛባል።

ስትፈቱ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ክንፍ አስተውሉ። በአንዳንድ ሞዴሎች ከሥሯ የተደበቀ ቡሎን አለ። ከማውጣታችሁ በፊት የነበረችበትን አቅጣጫ አስምሩ፤ ከተዛባች መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታችኋል። እግሩ ካልወረደ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት። አንድ ቡሎን ረስታችኋል ማለት ነው።

ማርሹን ጠረጴዛ ላይ ማግኘት

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። እኔም ዘልዬ ነበር። ነገር ግን ከሁሉ የሚያስተምረው ይህ ነው።

እግሩን በሞርሳ፣ በእንጨት ተጠቅልሎ፣ አቁሙት። ሞርሳ ከሌለ ሁለት ብሎኬት ይሠራል። ከሥሩ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ አድርጉ፤ የእኔ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ባለቤቴ ግን እስካሁን አልሰማችም።

በአንድ እጅ ወፍራሙን ዘንግ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። ወደ ግራ ደጋግማችሁ አታዙሩት፤ አዲሱን የፓምፕ ጎማ ክንፎች ያጥፋል። በሌላ እጅ ቀጭኑን የማርሽ ዘንግ በፒንሳ ሳይሆን በጣት ወይም ጨርቅ በለበሰ መያዣ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ጠቅ ጠቅ የሚል ስሜት ይሰጣችኋል። ሦስት ማረፊያ አለው።

አንደኛው ላይ ወፍራሙን ዘንግ በሰዓት አቅጣጫ ስታዞሩ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ይህ የፊት ማርሽ ነው። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ወፍራሙ ዘንግ ሁለት ዙር ገደማ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ይዞራል። ሌላኛው ጫፍ ላይ የፕሮፔለሩ ዘንግ በተቃራኒው ይዞራል፤ የኋላ ማርሽ ነው። መካከሉ ላይ የፕሮፔለሩ ዘንግ በሁለቱም አቅጣጫ ልቅ ነው። ወፍራሙን ስታዞሩ በዘይቱ ምክንያት ቀስ እያለ ሊከተል ይችላል። በጣት ሲያዝ ቀጥ ካለ ችግር የለበትም።

አሁን ወሳኙን ሥራ ሥሩ። በሦስቱም ማረፊያዎች የማርሽ ዘንጉ ላይ በቀጭኑ አስምሩ። ፊት፣ ዜሮ፣ ኋላ። እንዲሁም ለራሳችሁ ጻፉ፦ «ዘንጉ ሲወርድ ፊት ይገባል» ወይም «ዘንጉ ሲወጣ ፊት ይገባል»። ሞዴል ከሞዴል ይለያያል። በኋላ ዳዶውን ወደየት እንደምታዞሩ የሚነግራችሁ ይህች አንድ መስመር ናት።

ጠረጴዛው ላይ ሦስቱንም ማረፊያ ካላገኛችሁ፣ ወይም ፊት ማርሽ ገብቶ ወፍራሙን ዘንግ ስታዞሩ እየዘለለ ካስቸገረ፣ ችግሩ እግሩ ውስጥ ነው። የላይኛውን ዳዶ በማዞር አይድንም። ዘይቱን አፍስሱና እዩ። መዝጊያው ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ጥቁር ነገር የተለመደ ነው። የብረት ስንጣሪ ካለ ጥርሱ ተበልቷል። ዘይቱ ወተት የተጨመረበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ኦይል ሲሎቹን ሳትቀይሩ አትግጠሙ።

መልሶ መግጠም

የማርሽ ዘንጉን ዜሮ ምልክቱ ላይ አሳርፉ። እጀታውንም ዜሮ ላይ አድርጉ። ላይና ታች አንድ ቋንቋ መናገር አለባቸው።

የወፍራሙን ዘንግ ጥርሳም ክፍል በቀጭኑ ግሪስ ቀቡ። ጫፉን፣ ማለትም አናቱን፣ አትቀቡ። እዚያ ላይ የተከመረ ግሪስ መውጫ ስለሚያጣ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ይገፋል። የውሃ ቱቦው በፓምፑ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን በባትሪ ብርሃን እዩ። እግሩ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ጥርሶቹ አልገጠሙም ማለት ነው። አንድ ሰው ከላይ የገመዱን መሳቢያ ቀስ አድርጎ ትንሽ ይሳብ፤ ዘንጉ ይዞራል፣ እግሩም ጠብ ብሎ ይገባል። በፍጹም በቡሎን ጎትታችሁ አታስገቡት። በቡሎን ኃይል የገባ እግር አንድ ነገር ሰብሮ ነው የገባው።

የማርሽ ዘንጎቹ ሲገናኙ አገናኙን በቆጠራችሁት ዙር መልሱ። ሁለቱም ዘንጎች በቂ ርዝመት ወደ ውስጥ መግባታቸውን አረጋግጡ፤ በሁለት ጥርስ የተንጠለጠለ ዳዶ ማዕበል ላይ ይፈታል። መቆለፊያውን ገና አታጥብቁ። የእግሩን ቡሎኖች ግን በተራ፣ በመስቀለኛ፣ እኩል አጥብቁ። የያማሃ አጠቃላይ ልክ ለ8 ሚሊ ቡሎን 18 ኒውተን ሜትር፣ ለ10 ሚሊ 36 ኒውተን ሜትር ነው (ቁጥሩ የቡሎኑ ውፍረት እንጂ የመፍቻው ቁጥር አይደለም)፤ የሞዴላችሁ መጽሐፍ የተለየ ካለ እሱን ስሙ። መለኪያ መፍቻ የሌለው ሰው በአጭር መፍቻ ይጠቀም። እግሩ አሉሚኒየም ነው፤ ጉልበት የበዛበት ቀዳዳ ጥርሱ ይነቀላል።

አሁን ማስተካከሉ

ፕሮፔለሩ ቦታው ላይ ይሁን፣ ካንዴላው እንደተነቀለ ይሁን። አንድ ደንብ አለ፦ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ማርሽ ስትቀይሩ ሁልጊዜ ፕሮፔለሩን በሌላ እጅ አወዛውዙ። ካልተወዛወዘ የቀለበቱ ጥርስ ከጊሩ ጥርስ ጋር ፊት ለፊት ሊጋጭ ይችላል። እጀታው እምቢ ይላል። እናንተም ዘንጉ አጥሯል ብላችሁ ዳዶውን ታዛባላችሁ፣ ወይም በጉልበት ገፍታችሁ ዘንጉን ታጎብጣላችሁ።

እጀታውን ዜሮ ላይ አድርጉ። ፕሮፔለሩ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ያለ ምንም መቧጠጥ መዞር አለበት። ቀስ ብሎ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ ቀለበቱ አንዱን ጊር እየነካ ነው። ይህን ድምፅ ንቆ ማለፍ የብዙ ሰው ስህተት ነው። ጠቅታው ዛሬ ትንሽ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ግን በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ የሚመታ መዶሻ ነው።

ቀጥሎ መለካት ነው። ከእጀታው ጎን ባለው ክዳን ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ። የዜሮውን ቦታ አስምሩ። ፕሮፔለሩን እያወዛወዛችሁ እጀታውን በጣም ቀስ አድርጋችሁ ወደ ፊት ግፉ። ፕሮፔለሩ መጀመሪያ የያዘበትን ነጥብ አስምሩ። ወደ ዜሮ መልሱና ወደ ኋላም እንዲሁ አድርጉ። አሁን ሁለት ርቀቶች አሏችሁ። እኩል ወይም ለእኩል የቀረቡ መሆን አለባቸው።

የእኔ ሞተር መጀመሪያ ስለካው ወደ ፊት 22 ሚሊ፣ ወደ ኋላ 38 ሚሊ ወጣ። ዜሮው ወደ ፊት ማርሽ ተጠግቷል ማለት ነው። ደንገል ውስጥ የከተተኝ ስህተት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ይህ ራሴ ገምቼ ካሻሻልኩት በኋላ ያለው ነው። ግምት እስከዚህ ድረስ ነው የሚያደርሰው።

ዳዶውን ወደየት እናዙር? የጻፋችሁትን መስመር አውጡ። ዜሮው ወደ ፊት ማርሽ ተጠግቷል እንበል። በእናንተ ሞተር ዘንጉ ሲወርድ ፊት የሚገባ ከሆነ ዘንጉ በጠቅላላው ረዝሟል፤ አገናኙን አዙራችሁ ሁለቱን ዘንጎች አቀራርቡ። ዘንጉ ሲወጣ ፊት የሚገባ ከሆነ ግን አጥሯል፤ አራርቁ። ዜሮው ወደ ኋላ ማርሽ ከተጠጋ ሁሉንም ገልብጡት። በቃል ሳይሆን በወረቀት ይዛችሁ ሥሩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግልጽ የነበረ ነገር ቀትር ላይ ይምታታል።

በአንድ ጊዜ ግማሽ ዙር ብቻ አዙሩ። የ6 ሚሊ ዘንግ የተለመደው ጥርስ በአንድ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ግማሽ ዙር ግማሽ ሚሊ ነው። ለቀለበቱ ይህ ብዙ ነው። አዙሩ፣ ሁለቱንም ርቀት እንደገና ለኩ፣ ጻፉ። የእኔ በሁለት ግማሽ ዙር 29 እና 31 ላይ መጣ። እዚያ ተውኩት። ሠላሳና ሠላሳ ለማድረግ ሌላ ሰዓት ማባከን ጉራ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ማርሹ መያዙ ብቻ አይበቃም፤ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። እጀታውን ወደ ፊት እስከ ማረፊያው ግፉትና ጠረጴዛ ላይ ያስመራችሁትን ምልክት እዩ። የማርሽ ዘንጉ «ፊት» ባላችሁት መስመር ላይ ደርሷል? ለኋላም እንዲሁ። ዜሮው መሐል ሆኖ ሁለቱም ጫፎች ላይ ዘንጉ ቀድሞ ከቆመ እጀታውና ማያያዣዎቹ ልል ሆነዋል ማለት ነው። ፔርኖዎቹንና የፕላስቲክ ቡሾቹን እዩ። ብዙ ጊዜ በጥቂት ብር የሚገኝ ቡሽ ነው ጥፋተኛው።

ልኩ ሲያምር አገናኙን በአንድ መፍቻ ይዛችሁ በሌላው መቆለፊያውን አጥብቁ። ከዚያ ደግማችሁ ለኩ። መቆለፊያው ሲጠብቅ አገናኙ አብሮ ሩብ ዙር መሄዱ የተለመደ ተንኮል ነው።

መሪው አጠገብ የገመድ መቆጣጠሪያ ያላቸው ጀልባዎች ገመዱን የሚነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞተሩም መቆጣጠሪያውም ዜሮ ላይ ሆነው የገመዱ ጫፍ ፔርኖው ላይ ሳይጎተት ሳይገፋ በራሱ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ የገመዱን ጫፍ አዙሩ እንጂ ፔርኖውን አትጎትቱ። በያማሃ ጫፉ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ገመዱ ጥርስ ላይ መግባት አለበት። የዘንግን ስህተት በገመድ ለማረም የሚሞክር ሰው ሁለት ስህተት ይዞ ይቀራል።

ውሃ ሳይነካ፣ ከዚያም ውሃ ላይ

ካንዴላውን ከመመለሳችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ እጀታው ፊት ወይም ኋላ ላይ ሆኖ የማስነሻ ገመዱ መሳብ የለበትም። ብዙ የእጅ ሞተሮች በማርሽ እንዳይነሱ የሚከለክል ቀጭን ገመድ ወይም መቆለፊያ አላቸው። በጥገና ሰዓት ተፈትቶ ከቀረ አሁን መልሱት። ሁለተኛ፣ እግራቸው በእጅ ወደ ላይ የሚታጠፍ ሞተሮች የኋላ ማርሽ ሲገባ የሞተሩ እግር እንዳይነሳ የሚይዝ መንጠቆ አላቸው። ኋላ ላይ አድርጋችሁ እግሩን ወደ ላይ ለማንሳት ሞክሩ፤ እምቢ ማለት አለበት። መንጠቆው ካልያዘ ወደ ኋላ ስትሄዱ ሞተሩ ከውሃው ዘሎ ይወጣል።

የካምቢዮ ዘይቱን ከታችኛው ቀዳዳ ሙሉ፤ የላይኛው ክፍት ይሁን። ዘይቱ አረፋ ሳይኖረው ከላይኛው ቀዳዳ መውጣት ሲጀምር የላይኛውን ቀድማችሁ ዝጉ፣ ከዚያ ታችኛውን ቶሎ። ጋስኬቶቹ አዲስ ይሁኑ። አሮጌው ዘይት ወደ ጣና እንዳይሄድ። ከዚያ ውሃ የሚቀዳ ሰው አለ።

ጎንደር ላይ በርሚል ውሃ ሞልቶ ሞተር መሞከር ይቻላል። የከተማችንን የውሃ ነገር ግን ታውቁታላችሁ። ለሰው ያልደረሰ 200 ሊትር ለሞተር ሲጠፋ ያየ ጎረቤት ሰላምታ ይነሳችኋል። እኔ ሙከራውን ጎርጎራ ላይ አደርገዋለሁ። ሞተሩን ለሰከንዶች እንኳ በደረቁ አታስነሱ፤ አዲሱ የፓምፕ ጎማ ይቃጠላል።

በጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ይነሳበታል፤ በማዕበል ውስጥ የማርሽ ድምፅ አይለይም። ጀልባዋን በፊትም በኋላም በጠንካራ ገመድ እሰሩ። ሕፃናት ከውሃው ይውጡ። አስነሱ። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ከሞተሩ ጎን የሚወጣውን ቀጭን ውሃ ነው። ካልሸና አጥፉት፤ የማርሹን ነገር እንኳ ይቆይ።

ሞተሩ ሲሞቅ ሩጫውን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ። ዜሮ ላይ ጀልባዋ ገመዱን መወጠር የለባትም። ከዚያ ፊት አስገቡ። እጀታውን አታባብሉት፤ በአንድ ፈጣንና ቆራጥ እንቅስቃሴ። ቀስ ብሎ የገባ ማርሽ ጥርሱን እየፈጨ ነው የሚገባው። አንድ «ጠቅ» ብቻ መስማት አለባችሁ። ገመዱ ይወጠር። ወደ ዜሮ መልሱ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ኋላ አስገቡ። አሥር ጊዜ ያህል ደጋግሙ። ከዚያ እንደታሰረች በሁለቱም ማርሽ ነዳጅ በትንሹ ጨምሩ። ማርሹን ከተፋ ወዲያው አጥፉና ወደ ልካችሁ ተመለሱ።

የኋላ ማርሽን «ብዙም አልጠቀምበትም» ብሎ የሚንቅ ሰው እምቦጭ አልገጠመውም። ይህ አረም በ2004 ዓ.ም ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የደምቢያ ዳርቻ ብዙ ተሰቃይቷል። ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ከሚያላቅቁት ነገሮች አንዱ ወደ ኋላ ማዞር ነው። በግማሽ የነከሰ የኋላ ማርሽ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት ይከዳችኋል።

ማርሽ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

ማርሹ ሲገባ በኃይል ከደነገጠ መጀመሪያ የሞተሩን ዝቅተኛ ሩጫ ለኩ። ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ነው። እዚህ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ዝቅ ሲል ይጠፋል፤ ሰውም እንዳይጠፋ ብሎ ሩጫውን ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ማርሹ ይጮሃል። መድኃኒቱ ካርቡራተሩን ማስተካከል ነው። የማርሽ ዘንጉን አትንኩ።

ሌላው ፕሮፔለሩ ራሱ ነው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ አትሄድም፣ ሁሉም «ማርሽ ተፋ» ይላል። ነገር ግን በፕሮፔለሩ እምብርት ውስጥ ያለው ጎማ ለቆ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ለመለየት በእምብርቱ የውስጥ ብረትና በውጭኛው አካል ላይ አንድ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር አስምሩ። ሐይቁ ላይ በጉልበት ነድታችሁ ተመለሱና እዩ። መስመሩ ከተቆረጠ ማርሹ ንጹሕ ነው፤ የሚቀየረው ፕሮፔለሩ ነው።

ሞተሩ በጠቅላላው አሥር ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ መቆለፊያ ዳዶውንና የእግሩን ቡሎኖች ደግማችሁ በመፍቻ ሞክሩ። ያስመራችሁትን ነጭ ቀለም አታጥፉት። እኔ ባለፈው ሳምንት ስሄድ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን ማየት ነበር። አዛውንቱም እዚያው መረባቸው ላይ ነበሩ።

«ዛሬስ ታችኛው ሰምቷል?» አሉኝ።

ፕሮፔለሩን በእጄ አዙሬ አሳየኋቸው። ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞረ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ መረባቸው ተመለሱ፤ እኔም ገመዱን ሳብኩ።